ይግባኙ ከተዘጋ በኋላ፦ የጉዳት ጡረታና የመቶኛው ጥያቄ

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላል ያገራችን ሰው። ስለ ሙግት ከተነገሩት አባባሎች ሁሉ ይህ ጠለቅ ያለው ይመስለኛል። ሰው ማጣትን ይችላል፤ የሚከብደው ለምን እንዳጣ የሚነግረው መጥፋቱ ነው። የዛሬው ጽሑፌ በሥራ ላይ ጉዳት ደርሶባቸው የጉዳት ጡረታ ወይም ዳረጎት የጠየቁ፣ የተከለከሉ፣ ይግባኝ ብለውም የተረቱ ሠራተኞችን ይመለከታል። ለመሆኑ ከዚያ በኋላ ወዴት ይኬዳል?

ጥያቄውን ከፉሪ ሆኜ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ከለቡ ወደ ፉሪ፣ ከዚያም በዓለም ገና በኩል እስከ ሰበታ የሚዘልቀው አካባቢ ፋብሪካ የበዛበት ነው። በ2015 ዓ.ም. የሸገር ከተማ ሲቋቋም ፉሪ አንዱ ክፍለ ከተማ ሆኗል፤ የሰዉ ኑሮ ግን ዛሬም ከአዲስ አበባ ጋር የተያያዘ ነው። ማለዳ ላይ ግማሹ ነዋሪ ወደ መሐል ከተማ ይሄዳል፣ ሌላው በፋብሪካ ሰርቪስ ወደ ሥራው ይጓዛል። ማሽን ባለበት ደግሞ ጣት፣ እጅ፣ ዓይንና ወገብ መጎዳቱ አይቀርም። በዚህ ሰፈር የሚኖር የሕግ ምሩቅ የዕድር ድንኳን ውስጥም ቢሆን «እስቲ ይህችን ወረቀት እይልኝ» መባሉ የተለመደ ነው። ከእነዚህ ወረቀቶች በአብዛኞቹ ላይ ዋናው ነገር አንዲት ቁጥር ናት፦ የጉዳቱ መጠን ይህን ያህል በመቶ። ቁጥሯ ከየት እንደመጣች የሚገልጽ አንቀጽ ግን እምብዛም አይገኝም።

በእኔ እምነት የችግሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛው የሚረታው በቁጥሯ ነው፤ ከይግባኝ በኋላ የሚከፈትለት በር ደግሞ ቁጥሯን አያይም።

ምጽዋት አይደለም

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት መብቱ ከየት እንደመጣ እናስታውስ። በአገራችን ዘመናዊው የጡረታ ሥርዓት የቆመው በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ሲሆን፣ የታሰበውም ለመንግሥት ሠራተኛው ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኛው አስገዳጅ የጡረታ ሽፋን ያገኘው ከግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በኋላ፣ በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1267፣ ለግል ድርጅት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1268 ወጥተው የቀደሙትን ተክተዋል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? የግል ድርጅት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጥበታል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል፤ በድምሩ 18 በመቶ። ስለዚህ የጉዳት ጡረታ የሚጠይቅ ሰው የመንግሥትን ችሮታ እየለመነ አይደለም። በየወሩ ሲያዋጣበት ከነበረው ፈንድ፣ ሕግ ባስቀመጠው ሁኔታ፣ ድርሻውን እየጠየቀ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤና ድጋፍ እንዲያደርግ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች፤ በስምምነቱ አንቀጽ 28 ማኅበራዊ ጥበቃ በመብትነት ሰፍሯል።

አንዲት ቁጥር ምን ታደርጋለች?

ነገሩን ለማየት አንድ ሠራተኛ በሐሳባችን እንፍጠር። ፉሪ ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ በአንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ስምንት ዓመት የሠራ፣ የወር ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ የማሽን ሠራተኛ ነው። ቀኝ እጁን ማሽን ጎዳው። ታከመ፣ ቁስሉ ዳነ፣ ጣቶቹ ግን እንደ ቀድሞው አይታዘዙም። የሕክምና ቦርድ ፊት ቀረበና ጉዳቱ 30 በመቶ ነው፣ ሥራ መሥራት ግን ይችላል ተባለ።

በ2003ቱ አዋጅ የነበረውን ስሌት እንመልከት። በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ምክንያት ለዘለቄታው መሥራት የማይችል ሠራተኛ ከጉዳቱ በፊት ያገኝ ከነበረው የወር ደመወዝ 47 በመቶውን ዕድሜ ልኩን ይከፈለዋል። ለሠራተኛችን ይህ በወር 2,820 ብር ነው። መሥራት ይችላል ከተባለ ግን የሚያገኘው አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ሲሆን፣ ስሌቱም የደመወዙ 47 በመቶ በ60 ወር ተባዝቶ፣ ከዚያ በጉዳቱ መቶኛ ይመታል። 2,820 በ60 ሲባዛ 169,200 ብር፣ የዚህ 30 በመቶ 50,760 ብር ይሆናል።

ለጆሮ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን 50,760 ብር ማለት የ18 ወር ጡረታ ማለት ነው። አንዱ ሠራተኛ ዕድሜ ልኩን የሚቀበለውን፣ ሌላው የአንድ ዓመት ተኩል ያህሉን ተቀብሎ ይሰናበታል። ልዩነቱን የፈጠረው በቦርዱ ወረቀት ላይ የሰፈረ አንድ ሐረግ ነው። ከዚህም በላይ አዋጁ የጉዳቱ መጠን ቢያንስ 10 በመቶ እንዲሆን ይጠይቅ ስለነበር፣ በዚሁ ደመወዝ 10 በመቶ የተባለ ሰው 16,920 ብር ሲያገኝ 9 በመቶ የተባለው ምንም አያገኝም። በዘጠኝና በአሥር መካከል ያለውን ልዩነት በዓይኑ አይቶ የሚለይ ሐኪም ካለ እሰየው፤ እኔ ግን እጠራጠራለሁ።

ጉዳቱ «ከሥራ ጋር አልተያያዘም» ከተባለም ነገሩ ይብሳል። በ2003ቱ ሕግ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የአገልግሎት ዘመን አይቆጠርም ነበር፤ ከሥራ ውጭ በሆነ የጤና ጉድለት ምክንያት የወር አበል ለማግኘት ግን ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። ሠራተኛችን ያለው ስምንት ነው።

ከጉባኤው ወደ ሰበር፣ ያለ መካከለኛ ፌርማታ

በጡረታ ጉዳይ ላይ በአስተዳደሩ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው ይግባኙን የሚያቀርበው ለመደበኛ ፍርድ ቤት ሳይሆን ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ጉባኤ ነው። ጉባኤው ፍሬ ነገርን በተመለከተ የሚሰጠው ውሳኔ የመጨረሻ ነው። መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለበት የሚል ወገን ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት አቤቱታ ሊያቀርብ ይችላል።

የዚህን አደረጃጀት ትርጉም ልብ እንበል። አንድ ሰው ለጎረቤቱ ያበደረውን ጥቂት ሺህ ብር ቢካድ፣ ብድሩ መኖር አለመኖሩን መጀመሪያ የሥር ፍርድ ቤቱ ይመረምራል፤ ቀጥሎ ይግባኝ ሰሚው ማስረጃውን እንደገና ሊመዝን ይችላል። ሰበር የሚመጣው ከሁለቱ በኋላ ነው። የሠራተኛችን እጅ ግን ምን ያህል እንደተጎዳ አንድም መደበኛ ፍርድ ቤት ሳይመዝነው ከጉባኤው ተነስቶ በቀጥታ ሰበር ዘንድ ይደርሳል። ሰበር ደግሞ «መቶኛው አንሷል» የሚል አቤቱታን የፍሬ ነገር ክርክር ነው ብሎ ይመልሳል። የብድር ወረቀት ያገኘውን ዕድል የሰው እጅ አላገኘም ማለት ነው።

ልዩ ጉባኤ ማቋቋሙ በራሱ ስህተት ነው አልልም። ጡረታ ቴክኒካዊ ጉዳይ ነው፣ ፍርድ ቤቶቻችንም የተጨናነቁ ናቸው። ነገር ግን የፍሬ ነገር ውሳኔው የመጨረሻ የሚሆን አካል፣ ምክንያቱን ከማንም በላይ አብራርቶ የመጻፍ ግዴታ ሊኖርበት ይገባል።

መጀመሪያ፣ በምን ተረታሁ?

የተረታ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ጠበቃ ፍለጋ መሮጥ አይደለም፤ የውሳኔውን ሙሉ ግልባጭ አውጥቶ፣ የተቀበለበትን ቀን ጽፎ፣ ረጋ ብሎ ማንበብ ነው። የቀን ቆጠራው የማይመለስ ነገር ነው። ቀጥሎ ራሱን አንድ ነገር ይጠይቅ፤ የተረታሁት በሕግ ነው፣ በመቶኛው ነው፣ ወይስ በምዝገባ? ሦስቱ የተለያየ መንገድ አላቸው።

በሕግ ማለት ይህን ይመስላል። የሠራተኛ ሕጉ ሠራተኛው ድርጅቱ ባቀረበው ወይም ለዚሁ ብሎ በተከራየው ተሽከርካሪ ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የደረሰበትን አደጋ በሥራ ላይ እንደደረሰ ይቆጥረዋል። እንግዲህ አንዲት ሠራተኛ ከጀሞ ወደ ፉሪ በድርጅቱ ሰርቪስ ስትጓዝ ብትጎዳና ውሳኔው «ከፋብሪካው ግቢ ውጭ ነው» ብሎ ቢከለክላት፣ ክርክሩ የሕግ ነው። አደጋው መድረሱ አልተካደም፤ የተካደው ትርጉሙ ነው። የአገልግሎት ዘመን አቆጣጠርም፣ የተሻረ አዋጅን መጥቀስም፣ ተከራካሪውን ሳይሰሙ መወሰንም እንዲሁ።

እንዲህ ያለው ጉዳይ ለሰበር ይሆናል። በሰበር መጀመሪያ ሦስት ዳኞች አቤቱታውን መርምረው «ያስቀርባል» ወይም «አያስቀርብም» ይላሉ፤ ያስቀርባል ከተባለ አምስት ዳኞች ያዩታል። ከ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 454 ወዲህ የሰበር የሕግ ትርጉም በየደረጃው ባሉ ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ስለሆነ፣ አንድ ሠራተኛ የሚያስለውጠው ትርጉም ለብዙዎች ይተርፋል። አቤቱታው ግን አጭርና ጥርት ያለ መሆን አለበት። የደረሰብንን ችግር፣ የልጆቻችንን ብዛትና የቤት ኪራዩን ዘርዝረን የሕግ ስህተቱን በመጨረሻዋ መስመር ብንጠቅሳት፣ ሦስቱ ዳኞች የችግር ማመልከቻ እንጂ የሰበር አቤቱታ አላነበቡም።

ወደ ቦርዱ መመለስ

የተረቱት በመቶኛው ከሆነ ግን ሰበር ላይ ገንዘብና ጊዜ ከመጨረስ ይልቅ ወደ ምንጩ መመለስ ይሻላል። ብዙ ሰው የማያውቀው አማራጭ ይህ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን የአካል ጉዳት ምደባ ለዘለዓለም የተቆለፈ ነው አይልም። የጉዳቱ መጠን በሕክምና ቦርድ የሚወሰነው ሚኒስቴሩ በመመሪያ በሚያወጣው ሰንጠረዥ መሠረት ሲሆን፣ በተቻለ መጠን ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ እንዲሆን ይፈለጋል። የሠራተኛው ሁኔታ ሲባባስ፣ ሲሻሻል ወይም ምርመራው የተሳሳተ ሆኖ ሲገኝ ግን ምደባው እንደገና ሊታይ ይችላል፤ ጥያቄውንም ሠራተኛው ራሱ ማቅረብ ይችላል። የድጋሚ ምርመራው ውጤት ክፍያውን ያስጀምራል፣ ይጨምራል፣ ይቀንሳል ወይም ያስቀራል። ይህ የ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 377 መርህ ነበር፤ በ2011 የተተካው አዋጅ ቁጥር 1156ም መርሁን ይዞታል።

እኔ እንደምረዳው በጡረታ ጉዳይም አመክንዮው ያው ነው። ጉባኤው የወሰነው በዚያን ጊዜ በቀረበለት የጤና ሁኔታ ላይ ነው። ሁኔታው ከተለወጠ አዲስ ማስረጃ የያዘ አዲስ ጥያቄ እንጂ ያለቀ ክርክር መቀስቀስ አይደለም። ነገር ግን ያንኑ አሮጌ ወረቀት ይዞ መሄድ ዋጋ የለውም። የሚያስፈልገው ከስፔሻሊስት የተጻፈ፣ ጉዳቱን ብቻ ሳይሆን የጠፋውን ችሎታ የሚገልጽ ማስረጃ ነው። «የቀኝ እጅ ጉዳት አለው» የሚል ደብዳቤ ለቦርዱ ምንም አይነግረውም። «አውራ ጣቱንና አመልካች ጣቱን ማገናኘት ስለማይችል ዕቃ አጥብቆ መያዝ፣ ማንሳትና መሣሪያ መቆጣጠር አይችልም» የሚል ደብዳቤ ግን ይነግረዋል። ከድርጅቱ የሥራ መደቡን ዝርዝር ተግባር በጽሑፍ ወስዶ ማያያዝም ይጠቅማል፤ ሐኪሙ እጁን ሲያይ ሥራውን እንዲያይ ያደርገዋል።

ማስጠንቀቂያም አለው። ድጋሚ ምርመራ በሁለት በኩል ስለት ነው። 30 ያለው ቦርድ 40 ሊል እንደሚችል ሁሉ 20 ሊልም ይችላል። ስለዚህ በስሜት ሳይሆን ከሐኪም ጋር ተመካክሮ የሚገባበት መንገድ ነው።

አሠሪው የት ሄደ?

ሦስተኛው ዓይነት ሽንፈት በምዝገባ የሚመጣ ነው። ሠራተኛው ሲጎዳ ስሙ በጡረታ መዝገብ ላይ የለም፣ ወይም መዋጮው አልገባም። አንዳንድ ጊዜ 7 በመቶው ከደመወዙ ሲቆረጥ ኖሯል፤ ያልሄደው ወደ ፈንዱ ነው። እዚህ ላይ ከጡረታ አስተዳደሩ ጋር ብቻ መሟገት ዒላማ መሳት ነው። ዋናው ባለዕዳ አሠሪው ነው።

የሠራተኛ ሕጉ በጡረታ ሕግ ላልተሸፈነ ሠራተኛ አሠሪው ራሱ የጉዳት ካሳ እንዲከፍል ያስገድዳል። ለዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት የዓመት ደመወዙን አምስት እጥፍ፣ ለከፊል ጉዳት ደግሞ በመቶኛው ልክ ነው። ለሠራተኛችን አምስት እጥፉ 360,000 ብር፣ 30 በመቶው 108,000 ብር ይሆናል። ከላይ ካሰላነው ዳረጎት ጋር ብናስተያየው ሁለቱም በ60 ወር ደመወዝ ላይ የቆሙ ናቸው፤ የጡረታው ግን ከዚያ 47 በመቶውን ብቻ ይወስዳል። መዋጮውን ላላስገባ አሠሪ ይህ አስተማሪ ስሌት ነው።

ከዚህ ሌላ ሁለት የሚዘነጉ ክፍያዎች አሉ። አንደኛው በሕክምና ላይ ሳለ የሚከፈለው ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት 75 በመቶ፣ ከዚያ ለስድስት ወራት 50 በመቶ። ሁለተኛው የሥራ ስንብት ክፍያ ነው። በሕክምና ቦርድ በተረጋገጠ ከፊል ወይም ሙሉ የአካል ጉዳት ምክንያት ውሉ የተቋረጠበት ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያን አንድ ሦስተኛ ያገኛል፤ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። ለስምንት ዓመቱ ሠራተኛችን ይህ 20,000 ብር ያህል ይመጣል። ጡረታ ተከልክያለሁ ብሎ ይህንንም ትቶ የሚሄድ ሰው ጥቂት አይደለም።

ነገር ግን የይርጋው ሰዓት ይቆጥራል። ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ ጥያቄ በመርህ ደረጃ በአንድ ዓመት ይታገዳል፤ የደመወዝ ጥያቄ ደግሞ በስድስት ወር። የጡረታውን ውጤት እስክሰማ ብሎ የተቀመጠ ሰው፣ ይግባኙ ሲዘጋበት የአሠሪውም በር በይርጋ ተዘግቶ ሊጠብቀው ይችላል። ስለሆነም ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይገባል።

የፉሪ ነዋሪ ተጨማሪ ሸክም አለበት። ፋብሪካው በክልሉ ውስጥ ከሆነ የሥራ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ በሆነው የኦሮሚያ ፍርድ ቤት ነው፤ የሰበር አቤቱታው ግን አዲስ አበባ በአማርኛ ይቀርባል። አንድ የተጎዳ እጅ በሁለት ከተማ፣ በሁለት ቋንቋ፣ በሁለት መዝገብ ይሟገታል። የታክሲው ወረፋ፣ የትርጉሙና የኮፒው ወጪ ሲደመር ድሃው ገና በመንገድ ላይ ይረታል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ እንዲከስ የሚፈቅድ ሥርዓት መኖሩን፣ የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበሩን ደጅ መምታትንና የሕግ ትምህርት ቤቶችን ነፃ የሕግ ድጋፍ መጠየቅን እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው።

የቀሩት በሮች

ምክንያት የሌለው ውሳኔ የደረሰው፣ ወይም ፋይሉ በቢሮ ውስጥ የጠፋበት ሰው ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይችላል። ተቋሙ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመ ሲሆን አስተዳደራዊ በደልን መርምሮ የመፍትሔ ሐሳብ ያቀርባል። በፍርድ ቤት በመታየት ላይ ያለ ጉዳይ ግን አይመለከትም፤ መቶኛም አይለውጥም። የሚያንቀሳቅሰው የቆመ ፋይልን ነው፣ ይህም ቀላል አይደለም።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የአስተዳደር ተቋማት ውሳኔያቸውን በጽሑፍና በምክንያት እንዲሰጡ ይጠይቃል፤ የፍርድ ቤት ክለሳንም ይፈቅዳል። ክለሳው የውሳኔውን ሕጋዊነት መመርመር እንጂ የሕክምና መቶኛን እንደገና መመዘን አይደለም። ቢሆንም «ምክንያቱ ይነገረኝ» ለሚል ዜጋ ጠንካራ ምርኩዝ ነው። የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ የመጨረሻው በር ነው፤ ሰበር ያላዳመጠኝን እዚያ እደግመዋለሁ ለሚል ሰው ግን አይሆንም። ሕገ መንግሥታዊ ትርጉም የሚያሻ ጥያቄ ሊኖር ይገባል።

ሌሎች እንዴት ያደርጉታል?

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝም ከይግባኝ ሰሚው በላይ የሚኬደው በሕግ ስህተት ብቻ ነው። ልዩነቱ ከታች ያለው ነው። የአካል ጉዳት ድጎማ ይግባኝ የሚሰማው ችሎት አንድ ዳኛ፣ አንድ ሐኪምና የአካል ጉዳተኝነትን በቅርብ የሚያውቅ ሦስተኛ አባል ይቀመጡበታል፤ ተረቺውም በአንድ ወር ውስጥ የውሳኔው ዝርዝር ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጠው መጠየቅ ይችላል። በአሜሪካ ደግሞ ጉዳዩ ከአስተዳደር ዳኛ ወደ ይግባኝ ምክር ቤት፣ ከዚያም ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ፍርድ ቤቱ ውሳኔው በበቂ ማስረጃ መደገፉን ይመረምራል። ሁለቱም አገሮች የራሳቸው እሮሮ አላቸው። ነገር ግን ሁለቱም አንድ ነገር ተቀብለዋል፦ ፍሬ ነገሩ አንድ ቦታ ላይ በደንብ ካልተመረመረ ከላይ ያለው የሕግ ክርክር ባዶ ነው።

ምን ይደረግ?

በእኔ አስተያየት ሦስት ነገሮች ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቁ ሊደረጉ ይችላሉ።

አንደኛ፣ የሕክምና ቦርዶች ከመቶኛው ጋር ምክንያቱን ይጻፉ። የትኛው የሰንጠረዡ መስመር እንደተሠራበት፣ የትኛው ችሎታ እንደጠፋ፣ «መሥራት ይችላል» ሲባል የትኛውን ሥራ ማለት እንደሆነ በአንድ ገጽ ይገለጽ። የማሽን ሠራተኛውን ዘበኛ መሆን ይችላል ማለትና የማሽን ሥራውን ይሠራል ማለት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ምክንያቱ ሲጻፍ የተሳሳተውን ማረም ይቻላል፤ ሰበርም ሊመረምረው የሚችል ነገር ያገኛል። ሰንጠረዡን ወደጎን የተወ ቦርድ የሠራው የሕግ ስህተት ነውና።

ሁለተኛ፣ መቶኛው ላይ ክርክር ሲነሳ ጉባኤው ጉዳዩን የመጀመሪያው ምርመራ ላይ ላልተሳተፉ ሐኪሞች የመላክ ልማድ ያዳብር። የወሰነውን ቦርድ «ትክክል ነበርክ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይግባኝ ሊባል አይችልም።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ የእምቢታ ውሳኔ ከግርጌው ተረቺው የት፣ እስከ መቼ፣ በምን ምክንያት መሄድ እንደሚችል ቀለል ባለ ቋንቋ ይግለጽ። ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ይህ የወረቀት ግማሽ ገጽ ነው። የሚያተርፈው ግን የብዙ ሰው የአንድ ዓመት ይርጋ ነው።

እስከዚያው ድረስ ውሳኔው ለደረሰው ሰው ምክሬ አጭር ነው። ግልባጩን ያውጡ፣ ቀኑን ይጻፉ፣ በምን እንደተረቱ ይለዩ። የሕግ ከሆነ ወደ ሰበር፣ የመቶኛ ከሆነ አዲስ የሕክምና ማስረጃ ይዘው ወደ ቦርዱ፣ የምዝገባ ከሆነ ወደ ሥራ ክርክር ችሎት ይሂዱ። ሦስቱንም በሮች በአንድ ማመልከቻ ለማንኳኳት የሞከረ ሰው ሦስቱም ሲዘጉበት ይታያል።